መምጫው ከመሄጃው የሚያጥር መንገድ

የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆመው ልጆቻቸውን የሚጠባበቁ ወላጆች ይበረክታሉ። ከዋሽንግተን የሚመጣ ልጅ ያላቸው ደግሞ «ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ማለትን አይተዉም። እኛም ጥያቄውን ይዘን ተነሥተናል።

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን፣ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሚያስደንቀው፣ ይኸው ርቀት ከዚህ ወደዚያ ሲኬድ 16 ወይም 17 ሰዓት መፍጀቱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ሙሉ ጭነቱን ይዞ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት ይሳነዋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ በየጊዜው ለዚሁ አገልግለዋል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። በአትላንቲክ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም መጪውን ከኋላው ይገፋዋል። አገራችን መሄድን አስረዝማ መመለስን ታሳጥራለች ብንል ያስኬደናል።

የሰዓቱ ልዩነት በዚህ ወቅት 8 ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 28 በዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ፣ ቦሌ የሚደርሰው በበዓሉ ዕለት ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ይሆናል። ቅዳሴው አብቅቷል፤ ጾሙም በሌሊት ተፈትቷል። እናት ግን የእርሱን ብልት ለይታ አስቀምጣለች።