የሕፃናት የሌሊት እንቅልፍና «የማስተኛ» ሽሮፕ

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ተቋም የምትመጣ እናት «ሌሊት አይተኛልኝም» ብላ ማማረሯ የተለመደ ነው። ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ጤነኛ ነው፤ በደንብ ይጠባል፣ ክብደቱም ይጨምራል። አሳሳቢው ነገር እንዲተኛ ተብሎ የሚሰጠው ነው። ለአዋቂ ጉንፋን ወይም ለአለርጂ የተገዛ ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ እየተለካ ለሕፃን የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ድብታን ያስከትላል። የትንንሽ ሕፃናትን እስትንፋስ ሊያዳክም፣ አልፎም ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከስድስት ወር በፊት «ሆዱ ሞልቶ እንዲተኛ» ተብሎ የሚሰጥ የአብሽ ውኃ፣ አጥሚት ወይም የላም ወተትም ለተቅማጥ ያጋልጣል እንጂ አይበጅም።

ለመሆኑ ሕፃን ለምን ይነቃል? አዲስ የተወለደ ልጅ ሌሊትና ቀንን አይለይም። ውስጣዊው የሰውነት ሰዓት መስመር መያዝ የሚጀምረው ከሁለተኛው ወር ወዲህ ነው። የእንቅልፉ ዑደት አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ዑደት መጨረሻ ይገላበጣል፣ ያቃስታል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። ጨጓራው ትንሽ ስለሆነም ሌሊት መጥባቱ ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል።

በወለጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህም ለመደበኛ የመኝታ ሰዓት የተመቸ ነው። ጠዋት መስኮት ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ፣ በተለይ በረጅሙ ክረምት፣ የልጁ ሰዓት ይስተካከላል። ማታ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል ገላውን ማጠብ፣ ማጥባትና ያንኑ እሹሩሩ ማዜም የእንቅልፍ ምልክት ይሆንለታል። ቀን ታዝሎ ቢተኛ ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ዕድሜው ከስድስት ወር አልፎም ጀርባ ላይ ብቻ የሚያንቀላፋ ልጅ፣ ሌሊት ሲባንን ያንኑ ጀርባ ይሻል። ስለሆነም ዓይኑ ሲከብድ፣ ጨርሶ ሳይተኛ፣ መኝታው ላይ ማስተኛት ይበጃል። ቡናው፣ እንግዳውና ቴሌቪዥኑ በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ መብራቱን ማደብዘዝና ድምፁን መቀነስ ግን ይቻላል።

የአተኛኘቱ ሁኔታም ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ከተመከረ በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ነቀምቴ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም ጋቢው የሕፃኑን ፊት መሸፈን የለበትም፣ የከሰል ምድጃም በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ማደር የለበትም። ወደ ዴዴሳ ወይም ወደ አንገር ሸለቆ የሚወርድ ቤተሰብ ደግሞ አጎበር ሊለየው አይገባም።

ሲተኛ ዘወትር የሚያንኮራፋ ወይም እስትንፋሱ የሚቋረጥ፣ ክብደቱም የማይጨምር ልጅ መመርመር ይኖርበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የማይተኛው ሕፃን ሳይሆን ድንገት ፈዝዞ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ያለው ነው፤ እንዲህ ያለው ሕፃን እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።