ኤኤልኤስ ጡንቻን ብቻ የሚነካ በሽታ አይደለም

ኤኤልኤስ እንቅስቃሴን የሚያዙ ነርቮችን የሚጎዳ በሽታ ሲሆን እጅና እግርን፣ ንግግርንና ትንፋሽን ያዳክማል፤ «አእምሮው ግን ደህና ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ለብዙዎች እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይሠራም። ግማሽ ያህሉ ሕሙማን በአስተሳሰብ ወይም በጠባይ ለውጥ ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚያጠቃው የአእምሮ መድከም (ዲሜንሺያ) ይይዛቸዋል። ምልክቱ የግድ መርሳት አይደለም። ለሰው አዛኝ የነበረ አባት የልጁን ለቅሶ አይቶ ዝም ሊል፣ ጣፋጭ ብቻ ካልበላሁ ሊል ይችላል። ቤተሰብም «ሕመሙ አስመርሮት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በሕሙማን መካከል ያለው ይህ ልዩነት በከፊል ከዘረመል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታወቀው፣ ሲ9ኦርፍ72 በተባለው ዘረመል ለውጥ አጭር የዘረመል ቅንጣት በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል፤ ያው ለውጥ ኤኤልኤስንም ዲሜንሺያንም ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታወቀው ሶድ1 የተባለው ዘረመል ለውጥ ግን አእምሮን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ ዘረመሉን ማወቅ የጡንቻ ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ጉዳይ ነው።

«የሚያድን መድኃኒት ከሌለ ዘረመልን መመርመር ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ቶፈርሰን የተባለው መድኃኒት የሶድ1 ለውጥ ላለባቸው ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ስለ መተንፈሻ ማሽንና ስለ ውክልና የሚወሰነውም ሕመምተኛው ማመዛዘን እየቻለ መሆን አለበት። እርግጥ ዘረመል ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ለውጥ ከወረሱ ወንድማማቾች አንዱ ሊደክም፣ ሌላው ጠባዩ ሊለወጥ፣ ሦስተኛው በጤና ሊያረጅ ይችላል። ለዚህ ነው ከምርመራው በፊት የምክር አገልግሎት የሚያስፈልገው። ታማሚ ያላችሁ፣ የጠባይ ለውጥ ካያችሁ እባካችሁ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።