ስለ እሽቅድምድም ብስክሌት ማርሽ መለወጫ መድረቅና ስለ ማፍታቻው ዘዴ

የእሽቅድምድም ብስክሌት ማርሽ መለወጫ እጄታ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ሲገፉት አልንቀሳቀስ ይላል፤ ወይም ምንም ሳይዝ በባዶ ይወዛወዛል። በዚህን ጊዜ ባለቤቱም ሆነ ጠጋኙ «ተሰብሯል» ብሎ ይፈርድበታል። ፍሬንና ማርሽ በአንድ እጄታ ተጣምረው ስለሚሸጡ ይህ ፍርድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። ጥፋቱ ወይ የደረቀ ግራሶ ነው፥ ወይ የቆሸሸ ካቦ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ያለ ልዩ መሣሪያ ይቻላል።

በቀድሞው ብስክሌት የማርሽ መለወጫዋ ትንሽ እጄታ በብስክሌቱ ሰያፍ ቱቦ ላይ ተተክላ ቡሎኗ ስለ ጠበቀ ብቻ ባለችበት ትቆም ነበር፤ ነጂውም ማርሹን የሚያገኘው በጆሮውና በልማዱ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሺማኖ ዱራ ኤስ በተባለው ዕቃው ላይ እጄታዋ በየማርሹ ልክ ቀጭ እያለች እንድትቆም አደረገ። በ1990 ደግሞ መለወጫውን ከፍሬን እጄታ ጋር አዋሐደው፤ የኢጣሊያው ካምፓኞሎም በ1992 በራሱ መንገድ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ነጂው እጁን ከመሪው ሳያነሣ ማርሽ ይለውጣል፤ እጄታዋ ግን እንደ ሰዓት ያለ ረቂቅ መኪና በሆዷ ተሸከመች። ካቦ፥ ሞላ፥ ካምቢዮ፥ ፒኞን የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ በዚህች እጄታ ሆድ ውስጥ ላለው ዕቃ ግን የጠጋኞቻችን ቋንቋ ገና ስም አላወጣለትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ዋናውን ክፍል «ጥፍር» እያልን እንጠራዋለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካቦው የሚጠመጠምበት ጥርሳም ክብ አለ፤ በጥርሶቹም መካከል እንደ ድመት ጥፍር ያሉ ትናንሽ ብረቶች ያርፋሉ። አንዱ ጥፍር ክቡን ገፍቶ ካቦውን ይስባል፤ ሌላው ክቡ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። መልቀቂያዋ ስትጫን የያዘው ጥፍር ለአፍታ ተነሥቶ አንድ ጥርስ ብቻ ያሳልፋል። እያንዳንዱን ጥፍር ወደ ቦታው የሚመልሰው በጣም ቀጭን ሞላ ነው፤ ጕልበቱም ትንሽ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ከዚህ ላይ ነው። ግራሶ ማለት ሳሙና በሚመስል ነገር ውስጥ የታሰረ ዘይት ነው። በዓመታት ውስጥ ዘይቱ ከፊሉ ይለያል፥ ከፊሉ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይበላሻል፤ የቀረው ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይሆናል። ያ ቀጭን ሞላ ሙጫውን አሸንፎ ጥፍሩን ለመመለስ አቅም ያጣል። ጥፍሩ ተነሥቶ ከቀረ እጄታው በባዶ ይወዛወዛል፤ ከጥርሱ ገብቶ አልወጣ ካለ ደግሞ መልቀቂያው አይታዘዝም። ግራሶ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ማለዳ በብርድ እምቢ ያለ እጄታ ረፋዱ ላይ መሥራት ከጀመረ ምክንያቱ ከሞላ ጐደል ታወቀ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ይህን ምርመራ በነጻ ያደርግልናል።

ዳሩ ግን እጄታውን ከመክሰስ በፊት ካቦውን መመርመር ይገባል። ካቦው ሲሳብ ካቴናው ወደ ትልቁ ፒኞን ይወጣል፤ ይህን የሚያደርገው የሰው እጅ ስለሆነ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ሰበቃ ያሸንፈዋል። ካቦው ሲለቀቅ ግን ካቴናውን ወደ ትንሹ ፒኞን የሚመልሰው የኋላው ካምቢዮ ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ እጄታው ደኅና ቀጭ እያለ፥ ሲወጣ የሚታዘዝ ሲወርድ ግን የሚዘገይ ማርሽ ካየን ካቦው ዝጓል ወይም ሽፋኑ ቆሽሿል ማለት ነው። መጠኑም ቢሆን ስሕተትን የሚታገሥ አይደለም። ባለ 10 ፒኞን በሆነው የሺማኖ ብስክሌት ላይ ከአንዱ ፒኞን መካከል እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 3.95 ሚሊሜትር ነው፤ ካምቢዮው የካቦውን ጕዞ 1.7 ጊዜ ስለሚያበዛው ለአንድ ማርሽ ካቦው የሚሄደው 2.3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ሰበቃ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሰርቅ ካቴናው በሁለት ፒኞን መካከል ሲንኳኳ ይሰማል።

ርግጡን ለማወቅ ካቦውን በካምቢዮው ዘንድ ካሰረው ቡሎን ፈትቶ፥ ጫፉን በአንድ እጅ ወጠር አድርጎ ይዞ፥ በሌላው እጅ እጄታውን ማጫወት ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ ደረጃውን ሁሉ ከያዘና ከለቀቀ እጄታው ጤነኛ ነው፤ ካቦውንና ሽፋኑን መለወጥ ይበቃል። ሲለወጥም ለማርሽ የተሠራው ሽፋን፥ ሽቦዎቹ በርዝመቱ የተዘረጉት፥ ለማርሽ ብቻ ይሁን። ይህን ሽፋን ለፍሬን ማዋል አደገኛ ነው፤ በፍሬን ኀይል ሊፈነዳ ይችላል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካቦውን በመሪው ጥቅል ሥር በሚያሳልፉት የሺማኖ እጄታዎች ካቦው ከውስጥ በጠባቡ ታጥፎ ስለሚያልፍ እዚያው ይበጣጠሳል፤ የተበጠሰው የሽቦ ክር ጥርሱ ውስጥ ገብቶ መኪናውን ያንቃል። ስለዚህ ካቦው ፈጽሞ ሳይበጠስ፥ አለቅጥ መክበድ ሲጀምር ማውጣት ይሻላል።

ጥፋቱ የእጄታው ሆኖ ከተገኘ ሥራው ማጠብ ነው። ካቦው ይወጣል፤ የላስቲኩ ልባስ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ደብልዩ ዲ ፎርቲ በቀጭን ቱቦው፥ እርሱ ከሌለ ነጭ ጋዝ በመርፌ ጥፍሮቹ ወዳሉበት ይረጫል። ቤንዚን እሳት ይጠራል፥ አሴቶን ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ሁለቱም አይሆኑም። ከሥር ጨርቅ ይነጠፋል፤ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ እንዳይነካ። ከዚያ እጄታውን ሃምሳ ስድሳ ጊዜ ማጫወት፥ እንደገና መርጨት፥ እንደገና ማጫወት። የዐሥር ዓመት ሙጫ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ በትዕግሥት ማጣት ነው። ሌሊት አሳድሮ በማግሥቱ መድገም ብዙ ጊዜ ይበጃል።

የሚወርደው ፈሳሽ ሲጠራና ጥፍሮቹ ሲይዙ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ይጨመራል። አጣቢው ነገር ራሱ ቅባት አይደለምና በእርሱ ብቻ መተው አይበቃም። ወፍራም ግራሶ መልሶ መሙላትም በሽታውን መልሶ መትከል ነው። የምግብ ዘይት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፥ ከድሮው ግራሶ የባሰ ሙጫ ይሆናል። እጄታው የፍሬንም እጄታ ስለሆነ ከመንገድ በፊት ፍሬኑ ቆሞ ይፈተናል።

ሦስት ጊዜ ታጥቦ፥ ቀኑም ሞቆ፥ አሁንም በባዶ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥፍሩ ተበልቷል ወይም ሞላው ተሰብሯል። የቀድሞው የካምፓኞሎ እጄታ የሚፈታ ነው፤ የውስጥ ዕቃውም ለየብቻው ሲሸጥ ኖሯል። የሺማኖው ግን የውስጥ ዕቃው አብዛኛው ለየብቻው አይሸጥም፤ ሲፈቱትም ሞላዎቹ ተፈናጥረው ስለሚወጡ መልሶ መግጠሙ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አዲስ እጄታ መግዛት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።