ተማሪው መልሱን እንዴት አገኘው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት ከጣና ሐይቅ ብዙም አትርቅም። በአካባቢዋ ያደገ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የጉማራ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ፣ ደለል ተሸክሞ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ ያውቃል። ለዚህ ተማሪ በሳይንስ ፈተና «ወደ ሐይቁ የሚገባው ደለል ቢጨምር የዓሣው ቁጥር ምን ይሆናል?» የሚል የምርጫ ጥያቄ ቀረበለት እንበል። «ይቀንሳል» የሚለውን ከመረጠ ነጥቡን ያገኛል። ይሁንና ውሃው ሲደፈርስ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ብርሃን እንደሚያንስ፣ በዚህም አልጌዎች ምግባቸውን እንደልብ ማዘጋጀት እንደሚሳናቸው፣ አልጌን የሚመገቡ ደቂቅ እንስሳትና እነርሱን የሚበሉ ዓሦች በየተራ እንደሚጎዱ ተረድቶ ነው? ወይስ ገምቶ? የመልስ ወረቀቱ ይህን አይነግረንም።

ለዚህ ችግር ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ሲሙሌሽን ነው፤ ይኸውም የአንድን የተፈጥሮ ሂደት ሕግ በሒሳብ ቀመር አስፍሮ ሂደቱን በስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በአሜሪካ ዌስትኤድ የተባለው የምርምር ተቋም ሲምሳይንቲስትስ በሚል ስያሜ ለመካከለኛ ደረጃ ባዘጋጃቸው ፈተናዎች፣ ተማሪው ማን ማንን እንደሚበላ ተመልክቶ የምግብ ድሩን ይሥላል፤ ቀጥሎም የፍጥረታቱን የመነሻ ቁጥር እየለዋወጠ ውጤቱን በግራፍ ይከታተላል። የ15 ዓመት ታዳጊዎችን የሚመዝነው ፒሳም እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው አንድ ጥያቄ፣ ተፈታኙ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት እየቀያየረ የአንድን ሯጭ የላብ መጠንና የሰውነት ሙቀት እንዲመረምር አድርጓል።

የጉማራው ጥያቄ በዚህ መልክ ተዘጋጀ እንበል። አንዷ ተማሪ የአልጌውንና የዓሣውን የመነሻ ቁጥር ሳትነካ ደለሉን ብቻ ሁለትና ሦስት ጊዜ ጨምራ ግራፎቹን ታነጻጽራለች። ሌላው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ሁለቱም በመጨረሻ «ይቀንሳል» ብለው ይመልሳሉ። ፕሮግራሙ ግን እያንዳንዱን ሙከራ በቅደም ተከተል ስለሚመዘግብ፣ የሁለተኛው ተማሪ ሙከራ ለውጡን ያመጣው የቱ እንደሆነ ሊያሳይ እንደማይችል መምህሩ ይደርስበታል። በመሆኑም ለዚህ ልጅ ደግሞ ማስተማር የሚያስፈልገው ስለ ዓሣ ሳይሆን ሌሎቹን ተለዋዋጮች እንዳሉ ጠብቆ አንዱን ብቻ ስለ መለወጥ ነው።

ነገር ግን ሲሙሌሽኑ የሚያውቀው በቀመሩ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ላቢዮባርበስ ከተባሉት የጣና ዓሦች አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉትም ጠጠራማ በሆነ ስፍራ ነው። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን ዓሣው በሌላ መንገድ ይጎዳል ማለት ነው። ይህን ከአባቱ የሰማ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ምክንያቱን ጽፎ ቢያስረዳ፣ ፈተናው ቀመሩን ብቻ ተከትሎ ከታረመ ትክክለኛው ዕውቀት ስሕተት ተብሎ ይቆጠራል። እኔ ከሁሉ በላይ የምሰጋው ይህን ነው።

ሁለተኛው ስጋት ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ የሚያጣው ነጥብ ነው፤ በዚህ ጊዜ የተመዘነው ሳይንስ አይደለም። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተማሪውን ተመልካች እንጂ ሞካሪ አላደረገውም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒውተር ተፈትነዋል፤ የምርጫ ጥያቄን ወደ ስክሪን ማዛወር ግን ሲሙሌሽን አያሰኘውም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ነጥብ የማይያዝበት የልምምድ ጊዜ ያስፈልጋል። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ባለበት ትምህርት ቤትም መምህሩ ሲሙሌሽኑን ለክፍሉ እያሳየ፣ ቀጥሎ የትኛው መለወጥ እንዳለበትና ለምን እንደሆነ እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ እንዲጽፍ ማድረግ ይችላል።