ቆላው እሳት፣ መኪናው ብርድ

አንባቢ ሆይ፤ በጠራራ ፀሐይ ወደ አዋሽ ሲወርዱ የመኪናዎ ክሩስኮት «ከዜሮ በታች 40» ቢልዎ ምን ያደርጋሉ? ማቀዝቀዣውም የሚነፋው ሙቅ አየር ነው እንበል። መካኒኩ «ጋዙ አልቋል» ብሎ የደመወዝዎን ሲሶ ከመጠየቁ በፊት ጥቂት ይታገሡ።

ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው ፓራውልት ኋላ አንዲት ትንሽ የሙቀት መለኪያ አለች፤ ሰንሰር ይሏታል። አየሩ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ታሳልፋለች፤ ሲቀዘቅዝ ትገታለች። ሽቦዋ ቢበጠስ ኤሌክትሪኩ ፈጽሞ ይቋረጣልና መኪናው ብርቱ ውርጭ የመጣ ይመስለዋል። በብዙ መኪና ደግሞ ውጪው እጅግ የቀዘቀዘ ሲመስል የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር አይነሣም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ዝገት ወይም የተበጠሰ ሽቦ እንዳለ ይመልከቱ። ቀጥሎም የሰንሰሯን ኦም በቴስተር ይለኩ። በፌስታል ጠቅልለው በበረዶ ውሃ ሲነክሯት ኦሙ ሊጨምር፣ በመዳፍዎ ሲያሞቋት ሊቀንስ ይገባል። ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ የእርሷ ነው፤ በደንብ ከተለዋወጠ ግን ሽቦውን ተከትለው ይፈልጉ።

ነገር ግን መኪናው ቆሞ ሳለ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ የሞተሩ ትኩሳት ነው፤ ሲነዱ ይመለሳል።

እንግዲህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ አስቀድሞ ይለኩ።