ፍላሹ ባዶ ሲመስል

የዛሬው ርእሳችን በየቤታችን ስላለው ኮምፒውተርና ሳንጋብዛቸው ስለሚገቡበት ጎጂ ፕሮግራሞች ነው። ባለሙያዎች በየዓይነታቸው ልዩ ልዩ ስም ቢሰጧቸውም በተለምዶ ሁሉንም «ቫይረስ» እንላቸዋለን፤ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን።

ብዙ ሰው ከሚያስለቅሰው እንጀምር። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች እንበል። አሳትማ ስትመለስ፣ ፍላሹ ውስጥ በጽሑፏ ፋንታ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ ታያለች። ደንግጣ ስትከፍታቸው ቫይረሱ ወደ ቤቷ ኮምፒውተር ይገባል። ከዚያም አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ፎርማት አድርጊው» ይላታል፤ የወራት ልፋቷም በደቂቃ ውስጥ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ፋይሉ በአብዛኛው አለመጥፋቱ ነው። ቫይረሱ ዋናውን ፋይል ደብቆ በስሙ ሻርትከት አስቀምጧል። ሻርትከቱ ሲከፈት መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፤ ቀጥሎም ሰው እንዳይጠረጥር ዋናውን ፋይል ይከፍታል። ለዚህም ነው አንዳንዱ ሳያውቀው ለወራት ቫይረስ ሲያዛምት የሚቆየው።

ስለዚህ ቀስት ያለበትን ምልክት አትክፈቱ፤ ፎርማትም አታድርጉ። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎም ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። ከዚያ በዊንዶውስ የፎልደር ማስተካከያ ገብታችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ፤ አንዳንዴም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። የምታውቋቸውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣችሁ፣ መከፈታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ትችላላችሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካባችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። የደንበኛ ፋይል አማና ነው። ኮምፒውተሩ መታመሙን እያወቁ «ሥራ በዝቶ ነው» ብሎ ሳያጸዱ መቀጠል የሰው ንብረት መጉዳት ነው። ደንበኛም ብትሆኑ የሚታተመውን ፋይል ቅጂ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያላችሁን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ይዛችሁ አትዙሩ።

ሌላው በር ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ነው። የሰው ሐቅ የመሆኑን ነገር ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን መመሪያ ልብ በሉ፤ ብዙውን ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። አንድ የማታውቁት እንግዳ «ከመግባቴ በፊት ዘበኛውን አሰናብቱልኝ» ቢላችሁ ታስገቡታላችሁን? ክፍያው ከከበዳችሁ ለጽሑፍና ለሂሳብ ሥራ እንደ ሊብሬ ኦፊስ ያለ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። ነጻ ፕሮግራም ስትጭኑም ሳታነቡ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያላችሁ አትለፉ፤ ያልጠየቃችሁት ተጨማሪ ፕሮግራም የሚጫነው በዚያች ችኮላ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳላችሁ በድንገት «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ ቢመጣ ማጭበርበሪያ ነውና ገጹን ዝጉ፤ አትደውሉ።

ከሁሉም የከፋው ፋይልን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር አውኮ፣ ለመክፈቻ በቢትኮይን የሚከፈል 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ይህኛው ማንም እስኪከፍትለት አልጠበቀም፤ በዊንዶውስ ክፍተት በኩል በራሱ ገባ። ማይክሮሶፍት ግን ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። የኢንተርኔት ሂሳብ እንዳይበላብን ብለን ማሻሻያ የምናጠፋ ሰዎች ይህን እናስብ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አንቲቫይረስን በተመለከተ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ሳይጠፋና ሳያረጅ ከተያዘ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፤ ሁለትና ሦስት መደራረብ ኮምፒውተሩን ከማንቀርፈፍ በቀር ጥቅሙ አይታየንም።

የልጆቻችሁን ፎቶና አስፈላጊ ሰነዶቻችሁን ደግሞ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ ተሰክቶ የዋለ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።