የእኛስ ክለብ መቼ ነው? ሸዋሮቢትና የሊጉ በር

ሸዋሮቢት የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ኖሯት አያውቅም። የይፋት ቆላ ልጆች ኳስ ሲያወሩ ግን «የእኛስ መቼ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ አትጠፋም። ከመመለሳችን በፊት እስቲ የሊጉ በር ለማን ሲከፈት እንደኖረ እንይ።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ ቡድኖቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም አዲስ አበባ ላይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የበሉት እንግሊዞቹ ናቸው! ቆየት ብሎ አስመራና ድሬዳዋ መጡ፤ የድሬዳዋው ጥጥ ማህበር የፋብሪካ ቡድን ሆኖ ሻምፒዮን ሆኗል። ሊጉ በ1990 ዓ.ም. «ፕሪሚየር ሊግ» ከተባለ በኋላ ደግሞ የከተማ አስተዳደር፣ የባንክ፣ የዩኒቨርሲቲም ስም የያዙ ክለቦች ገቡ። ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ከመቀለ 70 እንደርታና ከስሑል ሽረ ጋር ከሊጉ ርቆ፣ በ2017 ዓ.ም. ሦስቱም ሲመለሱ የክለቦቹ ቁጥር 19 ደረሰ።

አሜሪካ ብንሄድ የኮሌጅ ስፖርት «ኮንፈረንስ» በሚባሉ ማህበራት ነው የሚመራው። እዚያ መውጣትና መውረድ የለም፤ የሚገባው የተጋበዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተው ፓክ-12 በ2024 ከ12 አባላቱ አስሩ ጥለውት ሄዱ። ዋናው ምክንያት የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ፓሲፊክ ዳር ያለው ስታንፎርድ «የአትላንቲክ ዳርቻ» ኮንፈረንስ አባል ሆኖ አረፈው።

የእኛው በር ይሻላል ባይ ነኝ። ከአንደኛ ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚያወጣው ነጥብ እንጂ ግብዣ አይደለም። ቀሪው ጥያቄ ሂሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ ራሳቸው ባለአክሲዮን የሆኑበት ኩባንያ ተቋቁሞ፣ በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ግን ክለቦቹ በአብዛኛው በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ነው የሚጫወቱት። ይህ ማለት ከተማችሁ ለክለቡ በጀት ስትመድብ፣ የቲኬቱም የሆቴሉም የሻዩም ብር ሌላ ከተማ ይቀራል። ብዙዎቹ የከተማ ክለቦች ደግሞ የሚተዳደሩት በመንግሥት በጀት ነው፤ ለተጫዋች ደመወዝ የወጣ ብር ለውሃ መስመር አይውልም።

ሩቅ ሳንሄድ በዚያው በእኛ መንገድ ወልድያ አለች። በ2009 ዓ.ም. ትልቅ ስታዲየም ተመረቀላት፤ ክለቧ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየም ክለብን ላይ አያቆየውም።

እና ሽንኩርትና ማሾ አምራቿ ሸዋሮቢት፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የገባባት ከተማ፣ ምን ታድርግ? በእኔ ሂሳብ ውድ ተጫዋች በማስፈረም አትጀምር። የተስተካከለ ሜዳ፣ የሠለጠነ አሰልጣኝ፣ ሸዋሮቢትን ከአጣዬና ከአካባቢው ወረዳዎች ጋር የሚያጫውት ቋሚ የታዳጊዎች ውድድር ይቅደም። ክለቡ ባይመጣ እንኳ ልጆቹ ይወጣሉ። ጎበዝ አስራ ሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ የከተማው ክለብ እስኪቋቋም አይጠብቅም፤ የሚያየው ሰው ካገኘ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጫወታል። አሁን የጎደለው የሚያየው ሰው ነው።